መዥ፣ ማዥ፣ ሙዥ፣ ሞዥ፦ ከሶፊያ እስከ ፕሸሚሽል

ቅዳሜ፣ ሶፊያ

ፍራንክፈርት የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ከስላቭ አገሮች የመጡ ሴቶች ናቸው። ቡልጋሪያዊት አለች፣ ፖላንዳዊት አለች፣ ክሮኤሽያዊት አለች፣ ዩክሬናዊት አለች። በሻይ ሰዓት ስለ ባሎቻቸው ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። ቃላቸው አንድ ይመስላል፣ ግን አንድ አይደለም። አንዷ ባሏን የምትጠራበት ቃል ለሌላዋ "ወንድ" ማለት ነው። የሌላዋ "ባል" ደግሞ ለጎረቤቷ "ሰው" ማለት ነው። የዓመት ዕረፍቴ ሲደርስ ይህን የባል ቃል አገር ላገር ልከተለው ብዬ ተነሳሁ።

ከሶፊያ የጀመርኩት በምክንያት ነው። የተሰሎንቄዎቹ ወንድማማቾች ቄርሎስና ሜቶዲዮስ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ስላቭ ቋንቋ ሲመልሱ የተጠቀሙት የደቡቡን ንግግር ነው። ከእነሱ በኋላ ደቀ መዛሙርታቸው ሥራውን ያስፋፉት ቡልጋሪያ ውስጥ ነው።

ማታ አሌክሳንደር ኔቭስኪ ካቴድራል ገባሁ። የእሁድ ዋዜማ ጸሎት ላይ ደረስኩ። መዘምራኑ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ "ብላዤን ሙዥ" ብለው አነሱ። የመጀመሪያው የዳዊት መዝሙር ነው። እኛ "ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን" የምንለው። አያቴ ቤት ዳዊት ሲደገም እየሰማሁ ስላደግኩ ወዲያው ገባኝ። ብላዤን ብፁዕ ነው፣ ሙዥ ደግሞ ብእሲ።

ደስታዬ ከባድ ነበር። ግዕዙ ብእሲ ወንድም ይሆናል፣ ባልም ይሆናል። የስላቩ ሙዥም እንደዚያው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ዮሴፍ "ሙዥ" ሲባል የማርያም ባል ማለት ነው። በመዝሙር 1 ላይ ግን የተመሰገነው ሰውዬ ሚስት ይኑረው አይኑረው ማንም አይጠይቅም። ጥንት አንድ ቃል ሁለቱንም ተሸክሞ ኖሯል። የኋላዎቹ ቋንቋዎች እንዴት እንደተከፋፈሉት ለማየት ነው የመጣሁት።

እሁድ፣ ሶፊያ

ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት የሁለቱ ወንድማማቾች ሐውልት ቆሟል። ጠዋት እዚያ አካባቢ ቁጭ ብዬ ስለ አንድ ፊደል አነበብኩ። በጥንቱ አጻጻፍ የዚህ ቃል መካከል ላይ "ትልቁ ዩስ" የሚባል ፊደል ነበር። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ "ኦን" ዓይነት ነው። ቡልጋሪያውያን ድምፁ ከተለወጠ ብዙ ዘመን በኋላም ፊደሉን እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የአጻጻፍ ማሻሻያ ድረስ ይጽፉት ነበር።

ዛሬ ቋንቋዎቹን የሚለያያቸው ያ የአፍንጫ ድምፅ ነው። አብዛኛው አገር ጥሎት ሌላ አናባቢ ተካበት። ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ደግሞ ነገሩ በፊደል ገበታችን ላይ ይደረደራል። ቡልጋሪያውያን በግዕዝ "መዥ" ይላሉ። ሰርቦች በካዕብ "ሙዥ"። መቄዶናውያን በራብዕ "ማዥ"። ስሎቬኖች በሳብዕ "ሞዥ"። የቡልጋሪያውን አናባቢ ጀርመኖች ሲቸገሩበት ሰምቻለሁ። ለእኛ ግን ከ"መ" ብዙም አይርቅም። ዥንም ፊደላችን ውስጥ አላጣናትም። በብዙዎቹ ቋንቋዎች ዥ የቃል መጨረሻ ላይ ሽ ሆና እንደምትሰማ ብቻ ማወቅ ይበቃል።

ቡልጋሪያ የጥንቱን ልማድ ይዛለች። መዥ ወንድም ነው፣ ባልም ነው። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ለወንዶች የሚጻፈው የዚሁ ቃል መነሻ ፊደል ነው። "ሞያት መዥ" ካለች ግን "የእኔ" የሚለው ቃል ብቻውን ባል አድርጎታል። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ባለቤቷን ከጓሮ ስትጠራው "መዦ!" ትላለች። ሞቅ ያለ የቤት ውስጥ አጠራር ነው።

ያገባች ሴት "ኦመዤና" ትባላለች፤ ከመዥ የወጣ ቃል ነው። ያገባ ወንድ ግን "ዤኔን" ነው፤ ከ"ዤና"፣ ማለትም ከሚስት። ሁለቱም በሌላው ይጠራሉ። ይህ ማረከኝ። በአማርኛ እሱም አገባ፣ እሷም አገባች። ግሱ አንድ ነው።

ሰኞ፣ ስኮፕዬ

በአውቶቡስ መጣሁ። ድንበሩ ላይ ረጅም ሰዓት ቆምን። ማዥ እንደ ቡልጋሪያው ወንድም ባልም ነው። ያገባች ሴት "ማዤና"፣ ያገባ ወንድ "ዤኔት"። የቫርዳርን ወንዝ ተሻግሬ አሮጌው ገበያ ውስጥ ቡና ጠጣሁና ለነገው መንገድ በጊዜ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ቤልግሬድ

ሰርብኛ ላይ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ሙዥ ባል ብቻ ሆኗል። ወንድ ለማለት "ሙሽካራትስ" የሚል ሌላ ቃል አላቸው። የሰው ልጅ "ቾቬክ" ነው። የባልነቱ ቃል ጠበበና ክፍተቱን ሌላ ቃል ሞላው።

ቃላትን የሚወድ ሰው ቤልግሬድ ሲመጣ ቩክ ካራጂችን ማለፍ አይችልም። መዝገበ ቃላቱን በ1818 እ.ኤ.አ. አሳተመ። እንደምትናገር ጻፍ የሚለውን መርህ ይዞ ሰርብኛን ከመጻሕፍት ቋንቋነት ወደ ገበሬው አንደበት ያወረደ ሰው ነው። በእሱና በሌላው ሰርብ ጸሐፊ በዶሲቴይ ስም የተሰየመው ሙዚየም ትንሽ የድሮ ቤት ናት። ደስ እያለኝ ዞርኩባት።

ማስታወቂያና ቅጽ ላይ የሚገኘው የክብር ቃል "ሱፕሩግ" ነው። ሴቷ "ሱፕሩጋ" ትባላለች። ሥሩ አብሮ መጠመድ ነው። ጋሪ የሚጎትቱ የተጠመዱ እንስሳት እስከ ዛሬ "ዛፕሬጋ" ይባላሉ። ግሪኩ "ሲዚጎስ"ም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ በአንድ ቀንበር ያለ። ገበሬ ቤት ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። አንዱ በሬ ቢለግም ሌላው ብቻውን እርሻውን አይገፋውም። ካየኋቸው የባል ቃላት ሁሉ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ሸክም የሚሰጠው ይሄ ነው።

የሴቷ ጋብቻ ግን ሰርብኛ ውስጥ ከ"መስጠት" ይመጣል። ያገባች ሴት "ኡዳታ" ናት፣ የተሰጠች። የእኛው "ተዳረች" ትዝ አለኝ። አባት ልጁን ይድራል፣ ወንዱ ያገባል።

ማታ አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ደወልኩ። በደርግ ዘመን ካርኪቭ የተማረ መሐንዲስ ነው። ሩሲያኛው እስከ ዛሬ አልከዳውም።

"ሩሲያኛውስ እንዴት ነው ጋሼ?" አልኩት።

"ሩሲያኛው ሌላ ነው ልጄ፤ ጻፊ እንግዲህ" አለኝ። ባል ሙዥ ነው፣ ወንድ "ሙዥቺና"። ባሎች በብዙ ቁጥር "ሙዥያ" ይሆናሉ። "ሙዢ" ከተባለ ግን የተከበሩ ታላላቅ ሰዎች ናቸው። አንድ ነጠላ፣ ሁለት ብዙ ቁጥር። "ሙዢክ" ደግሞ ትንሽ ሰው እንደማለት ሆኖ ጀምሮ የገበሬ ስም ሆነ። ዛሬ በየመንደሩ "ሰውዬ" እንደምንለው ነው። መንገድ ላይ አጎቴን የማያውቁት ሰዎች "ማላዶይ ቼላቬክ" ብለው ይጠሩት ነበር፤ ወጣቱ ሰው። ልጃገረድ "የእኔ ወጣት ሰው" ካለች ግን ጓደኛዋን ማለቷ ነው።

ሴት ስታገባ "ቪሽላ ዛሙዥ" ይባላል አለኝ። ከባል ኋላ ወጣች እንደማለት። ምሳሌም አላቸው፤ ከባል ኋላ ያለች ከድንጋይ ግንብ ኋላ እንዳለች ናት። አጎቴ ምሳሌውን ይወደዋል። "ጥበቃ እኮ ነው" አለ። እኔ አልወደድኩትም። ከግንብ ኋላ ያለ ሰው ነፋስ እንደማይነካው አውቃለሁ፤ ግን መንገዱም አይታየውም። በዚህ አልተስማማንም።

ረቡዕ፣ በመንገድ ላይ

ከቤልግሬድ ወደ ዛግሬብ አውቶቡስ። ሜዳ ነው፣ በቆሎ ነው፣ አሁንም በቆሎ። አጠገቤ የተቀመጡት ከክሮኤሽያው የዳልማጺያ ጠረፍ የመጡ እናት በጀርመንኛ አዋሩኝ። ጀርመን ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ስለ ጉዞዬ ስነግራቸው ሳቅ አሉና "እኛ ሙዥ ብዙም አንልም" አሉ። ባላቸው "ሞይ ቾቪክ" ነው፤ የእኔ ሰው። ቾቪክ ያው የሰርቡ ቾቬክ ነው፣ በጠረፉ አነጋገር። የሰው ልጅ የሚለው ቃል በሴቶቹ አፍ ባል ሆኗል ማለት ነው። ይህችን በደብተሬ ላይ አስምሬባት አለፍኩ።

ዓርብ፣ ልዩብልያና

ከዛግሬብ በባቡር የሳቫን ወንዝ ይዞ መምጣት ያስደስታል። ሸለቆው ጠባብ ነው፣ ባቡሩም አይቸኩልም።

ስሎቬንኛ ሞዥ ይላል። ዛሬ በአብዛኛው ባል ነው፤ ወንድ ሲሆን "ሞሽኪ"። የወንድነቱ ትርጉም ግን በአባባል ውስጥ አለ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው "ሞዥ በሴዳ" ይባላል፤ የቃል ሰው። ሴትም በዚሁ ትመሰገናለች ሲሉኝ ገረመኝ።

እዚህ አገር ሌላ ሀብት አለ። ስሎቬንኛ ነጠላና ብዙ ቁጥር ብቻ አይደለም ያለው። ለሁለት የተለየ ቁጥር አለው። አንድ ሞዥ፣ ሁለት "ሞዣ"፣ ከሁለት በላይ "ሞዥዬ"። ግሱም አብሮ ይለወጣል። ባልና ሚስት "እኛ ነገ እንሄዳለን" ሲሉ ሁለቱ ብቻ መሆናቸው ከግሱ ይታወቃል። አማቷ ልትከተል ብትፈልግ ዓረፍተ ነገሩ ቀድሞ ነግሯታል። ጥንት ይህ ቁጥር የስላቭ ቋንቋዎች ሁሉ ነበር። ዛሬ ሙሉ ሆኖ የቀረው እዚህና ወደፊት በምሄድበት በሶርቦች፣ ጀርመን ውስጥ በሚኖሩት ስላቮች ዘንድ ነው።

ጋብቻም እዚህ ሚዛኑን አግኝቷል። ድሮ ለሴትና ለወንድ የተለያየ ግስ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ "ፖሮቺቲ ሴ" ይላል፤ እሱም እሷም። ቋንቋ ሲፈልግ ይችላል።

እሁድ፣ ፕራግ

ትናንት በቪየና በኩል ብራቲስላቫ አደርኩ። ስሎቫክኛ ሙዥን ለወንድም ለባልም ይጠቀማል፤ ለባል "ማንዤል"ም ይላል። ቼክም ያው ነው ለማለት ይቻላል፤ ግን ፕራግ ውስጥ የሚያስረዳኝ ሰው አገኘሁ።

ጋሼ የምላቸው ሌላ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ በደርግ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ ቀሩ። ባለቤታቸው ቼክ ናቸው። ምሳ ጋበዙኝ፤ እንጀራ ነበር፣ ከቤት የተጋገረ። እሳቸው በአማርኛ፣ ባለቤታቸው በጀርመንኛ ያስረዱኛል። ቼክ ውስጥ ሙዥ መጀመሪያ ወንድ ነው። የቢሮው ባል ማንዤል ነው፣ ሚስት "ማንዤልካ"። ባለቤታቸው ግን ለጓደኞቻቸው ስለ ጋሼ ሲያወሩ "ሙይ ሙዥ" ይላሉ። "ማንዤል ስለው ወረቀት የምሞላ ይመስለኛል" አሉኝ።

ማንዤል የመጣው "ማልዤና" ከሚባል ጥንታዊ ቃል ነው። ያ ቃል የባል ብቻ አልነበረም፤ ባልና ሚስትን በአንድ ላይ የሚጠራ ነበር። ሁለተኛው ክፍሉ ዤና፣ ሚስት መሆኗ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዳንዱ ከጥንቱ ጀርመንኛ የውል ቃል ጋር ያገናኘዋል። ሌላው ራሱ ሙዥ ነው ይላል። ፖላንዶችም ትዳርን "ማውዤንስትቮ" የሚሉት ከዚሁ ነው። እኔን የነካኝ ግን ይህ ነው፤ ባል የሚለው የቼክ ቃል ውስጥ ሚስት ቁጭ ብላለች።

በዚያው ምሳ ላይ ስለ ስም ተነሳ። ኖቫክ የሚባል ሰው ያገባች ሴት በልማዱ ኖቫኮቫ ትሆናለች። "ኦቫ" የማን መሆንን ያሳያል፤ የኖቫክ የሆነች። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት ያለ "ኦቫ" መጠራት ብትፈልግ ሕጉ ይፈቅድላታል። ጋሼ "የእኛ ሴቶች እኮ ከጥንትም ስማቸውን ለባል አልሰጡም" አሉ። እውነት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። ግን እኛም በሌላው በኩል ንጹሕ አይደለንም። ባል የሚለው ቃላችን የሴም ቋንቋዎች የጋራ ቃል ነው፤ ባለሱቅ፣ ባለመሬት እንደምንለው ጌታና ባለንብረት ማለት ነው። ባለቤት የሚለውን እወደዋለሁ። ቤቱ የሁለቱም ነው፣ ቃሉም ለሁለቱም ይሠራል።

ማክሰኞ፣ ባውትሰን

በድሬስደን በኩል ወደ ጀርመን ተመለስኩ፤ ግን ወደ ሌላ ጀርመን። ከተማዋ በሶርብ ቋንቋ ቡዲሺን ናት። የመንገዱ ስም ሁሉ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። ሶርቦች 60,000 ያህል እንደሆኑ ይገመታል፤ ዙሪያቸውን በጀርመንኛ ተከበው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይተዋል።

ሙዥ እዚህ ወንድ ነው፣ ሁለት ከሆኑ "ሙዤይ"። ባል በወጉ "ማንጄልስኪ" ይባላል። ዳቦ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ለሻጯ በሶርብኛ "ሙዥ" እያለች ስታወራ ቆይታ ወደ እኔ ዞራ በጀርመንኛ "ማይን ማን" አለች፤ ባሌ። ጀርመንኛውም ወንድና ባልን በአንድ ቃል ይጠራል። ያም ብቻ አይደለም። የቋንቋ ሊቃውንት ማንና ሙዥን ከአንድ ጥንታዊ ሥር ያገናኟቸዋል። ዳቦ እየገዛች ሁለት የአክስት ልጆችን በአንድ ትንፋሽ ጠራቻቸው ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ክራኮው

ሶፊያ ላይ የጠፋው ድምፅ እዚህ ተገኘ! ፖላንዶች የአፍንጫውን አናባቢ አልጣሉትም። ባል "ሞንሽ" ነው፣ ኦው በአፍንጫ። "የባል" ሲሉ ደግሞ "ሜንዣ" ይሆናል፣ አናባቢው ተለውጦ በአፍንጫው እንደቀረ። የፍራንክፈርቷ ባልደረባዬ ስትናገረው ከርሜያለሁ፤ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ ድምፅ እንደምሰማ ግን አላወቅኩም ነበር።

ወንድ "ሜንሽቺዝና" ነው። ቅርጹ የሴት ቃል ቅርጽ ነው፣ በአ ያልቃል። ምክንያቱም መጀመሪያ "ወንዶች በጠቅላላ" የሚል የጅምላ ስም ነበር። ቀስ በቀስ አንድ ወንድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሞንሽም የጥንት ክብሩን ሙሉ በሙሉ አልተወም። ታላቅ የአገር መሪ "ሞንሽ ስታኑ" ይባላል፤ የመንግሥት ሰው። ማንም "የመንግሥት ባል" ብሎ አይረዳውም።

ሴቶች ከጓደኞቻቸው ጋር "ሙይ ህዎፕ" ሲሉም ሰማሁ፤ የእኔ ሰውዬ እንደማለት። ህዎፕ ገበሬ ማለት ነው። ቼኮች ያንኑ ቃል "ህላፕ" ብለው ለጎበዝ ወንድ ይሰጡታል። በጥንቱ ሩሲያኛ ደግሞ "ሆሎፕ" ነፃነት የሌለው አገልጋይ ነበር። አንድ ቃል እዚህ ባል፣ እዚያ ጎበዝ፣ ወዲያ ባሪያ።

ፖላንድኛ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። "እነሱ" የሚለው ሁለት ነው። ወንድ ካለበት "ኦኒ"፣ ሴቶች ብቻ ከሆኑ "ኦኔ"። መቶ ሴቶች መካከል አንድ ወንድ ቢገባ ሁሉም "ኦኒ" ይሆናሉ። አማርኛ በነጠላው እሱና እሷን ቢለይም በብዙው "እነሱ" ብሎ ሁሉንም አንድ ያደርጋል። በዚህ ቋንቋችንን አመሰገንኩት።

ዓርብ፣ ፕሸሚሽል

የፖላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ። የአውሮፓው ሐዲድ 1435 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የዩክሬኑ 1520 ነው። ሁለቱም እዚህ ጣቢያ ይገናኛሉ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ጣቢያ ያለፈው ሕዝብ በአብዛኛው ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ጦርነቱ ሲጀመር ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶች ከአገር እንዳይወጡ ታግደው ነበር፤ በኋላ ለወጣቶቹ ቢላላም እገዳው ለብዙዎቹ አልተነሳም። ስለ ባል ቃል ለመጠየቅ ከዚህ የከበደ ቦታ የለም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ሻይ ልገዛ ስሰለፍ ከኋላዬ የነበረች ሴት በጀርመንኛ ሰዓት ጠየቀችኝ። ሙኒክ ነው የምትኖረው። ወደ ካርኪቭ ባሏን ልታይ እየሄደች ነው። ሻዩን ይዘን አብረን ተቀመጥን። ጉዞዬን ስነግራት ራሷ ጀመረች። "ለእኛ ባል ቾሎቪክ ነው" አለች። ወንድም ቾሎቪክ ነው። ሙዥ የሚሉትም አሉ፤ ለእሷ ግን የመጽሐፍ ቃል ነው፣ የመዝሙሩ "ብላዤን ሙዥ"። ቾሎቪክ የሩሲያኛው ቼላቬክ፣ የሰርቡ ቾቬክ ነው፣ የሰው ልጅ። ዩክሬንኛ ያን ቃል ለወንድና ለባል ሰጠና ለሰው ልጅ "ሉዲና" የሚል ሌላ ቃል ያዘ። የአውቶቡሷ እናት "የእኔ ሰው" ያሉት እዚህ አገር ምድሩ የሚናገረው ቃል ሆኗል።

የድሮው ሙዥም ጨርሶ አልጠፋም። ያገባች ሴት "ዛሚዥንያ" ትባላለች፤ ውስጧ ሙዥ አለ። ሚስት ደግሞ "ድሩዢና" ናት። በጥንቱ ዘመን ድሩዢና የመስፍን ታማኝ ወታደሮች ስም ነበር። ስሎቬኖች በዚሁ ቃል ቤተሰብን ይጠራሉ። ሥሩ ወዳጅነት ነው። "እኔ ነኝ ድሩዢና፣ ወታደሩ ግን እሱ" አለችኝ። የመልሱ ቃል ጠፋኝ።

አጎቴ የካርኪቭ ሰው ነው ስላት ዓይኗ በራ። ደወልኩለት። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ በመካከላችን አስቀመጥኩት። እሱ በሩሲያኛ "ሙዥሽ የት ነው?" አላት። እሷ በዩክሬንኛ "ቾሎቪኬ ካርኪቭ ነው" ብላ መለሰች። ከዚያ አጎቴ ሰምቼው የማላውቀውን ታሪክ አወጣ። የማደሪያቸው ጠባቂ ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ። አንድ ቀን ቾሎቪኬ ታሟል ሲሉት ቼላቬክ መስሎት "የትኛው ሰው?" እያለ ደጋግሞ ጠየቃቸው። እሳቸው በመጨረሻ የጋብቻ ቀለበታቸውን አሳዩት። ሴትየዋ ጣቢያው እስኪሰማ ሳቀች።

ሱምስካ ጎዳና አለ ወይ ይላታል። አለ ትለዋለች። ሼቭቼንኮ መናፈሻስ? አለ። ትልቁን አደባባይ እሱ በሶቪየቱ ስም ጀርዢንስኪ ይለዋል፤ እሷ የነፃነት አደባባይ ብላ አረመችው፣ እሱም ተቀብሎ ደገመው። ከዚያ ዳቦ ቤቱንና የትራሙን መስመር እያነሱ እኔን ረሱኝ። የባቡሯ ሰዓት በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ሻንጣዋን እስከ ፓስፖርት ሰልፉ ድረስ እኔ ያዝኩላት፤ ስልኩን እሷ ይዛ አጎቴ አሁንም ስለ ክረምቱ በረዶ እየጠየቃት ነበር።